ማን ያስጀምር?

አለቃ የሌለው መሥሪያ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አለቃ የሌለው ኦርኬስትራ ግን ነበረ፤ ዛሬም አለ።

አንዱ ሞስኮ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1922። ዛሩ ወርዷል፣ አብዮቱ ገና ትኩስ ነው። ሌቭ ዘይትሊን የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ጓደኞቹን ሰብስቦ ፐርሲምፋንስ የተባለውን ኦርኬስትራ ሲያቋቁም፣ ዱላ ይዞ ፊት የሚቆመው መሪም አብሮ ተሻረ። ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ከፊሎቹም ጀርባቸውን ለታዳሚው ሰጡ። እኛ ዘንድ ቢሆን «ምን ዓይነት ያልተቀጡ ናቸው» መባሉ አይቀርም ነበር። እነሱ ግን ትልልቅ ሲምፎኒዎችን ተጫወቱ፤ ፕሮኮፊየቭም በ1927 ፒያኖ ላይ ተቀምጦ አብሯቸው ሠርቷል። እስከ 1932 ቆይተው ተበተኑ።

የመሪ አለመኖር ነፃነት ይመስላል እንጂ ሥራው የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። መሪ ባለበት የሁሉንም ኖታ አንድ ላይ ዘርግቶ የሚያነበው እሱ ነው፤ ሌላው የራሱን ክፍል አጥንቶ ይመጣል። መሪው ሲነሣ መለከት ነፊውም ቼሎው የት ላይ እንደሚገባ ማወቅ ግዴታው ይሆናል። ልምምዱ ይረዝማል፤ ክርክሩማ አይነሣ!

ኒው ዮርክ ያለው ኦርፊየስ ኦርኬስትራ ለዚህ ክርክር መላ ያበጀ ይመስለኛል። ጁልያን ፋይፈር የተባለ ቼሎ ተጫዋች ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረተው ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ሰዎች ተመርጠው አስቀድመው ይገናኙና ፍጥነቱን፣ አነሣሡን ይመክሩበታል፤ ከዚያ ለሌላው ያቀርባሉ። የፊተኛው ቫዮሊን ወንበርም በተራ ነው፤ በአንዱ ሥራ የመራው በሚቀጥለው ከኋላ ሊቀመጥ ይችላል። በጣም የወደድኩት ግን በልምምድ መሀል ከተጫዋቾቹ አንዱ መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ አዳራሹ ወንበሮች መውረዱን ነው። እዚያ ሆኖ ያዳምጥና «የእናንተ ድምፅ በዝቷል፣ እናንተ አልተሰማችሁም» ይላል። ራሱ መሀል ተቀምጦ ቢሆን ይህን አይሰማም ነበር።

«ሁለት፣ ሦስት» ሳይባል እንዴት አብረው ይነሣሉ? በትንፋሽ ነው። የሚያስጀምረው ሰው ቀስቱን ከፍ እያደረገ አየር ይስባል፤ አሳሳቡ አጭርና ፈጣን ከሆነ ሙዚቃው ፈጣን ነው፣ ረዘም ካለ ዝግ ያለ። ሌሎቹ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ያስጀመረው ሰው ደግሞ ወዲያው ሌላውን መስማት አለበት፤ ዜማው በሚቀጥለው ገጽ ወደ ክላሪኔቱ ስለሚሄድ ያን ጊዜ ተከታዩ አስጀማሪው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ «ፈረንጅ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አመጣ» የምትሉ፣ ቅኔ ማኅሌት የቆማችሁ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። መሪጌታ አለ፣ ቀኝ ጌታ አለ፣ ግራ ጌታ አለ፤ ሹመቱ የታወቀ ነው፣ ዜማው ግን በአንድ ሰው እጅ ታስሮ አይቀርም። ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይባላል፤ ዝማሜው በመቋሚያ ይቀጥላል፤ መረግዱ ላይ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ ጽፋት ሲደርስ ደግሞ ይፈጥናል። ያን ጊዜ ከበሮ መቺውን እዩት። ብቻውን ቢቸኩል ሁለቱንም ወገን ያደናቅፋል፤ ቢዘገይ ያቀዘቅዛቸዋል። ለዚህም ነው ዓይኑ ከቆሙት ላይ የማይነቀለው። መሪጌታውም ቢሆን ዓመታት በተቀባይነት ቆሞ ነው እዚያ የደረሰው።

ዘመናዊው ሙዚቃችን ግን የተወለደው በሰልፍ ነው። በ1916 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ መጣ፣ የፖሊስ ሠራዊት መጣ፣ የምድር ጦር መጣ። ማዕረግ ባለበት ባንድ ማን እንደሚያዝ ማን ይጠይቃል? ዋልያስ ባንድ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ተለወጠ። የባንዱ ልጆች መሣሪያቸውን የራሳቸው አደረጉ፤ የሌላ ሰው መሣሪያ የሚጫወት ባንድ ባለመሣሪያውን መስማቱ አይቀርምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ይዞ የገባበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «ቼ በለው» አልበም አውጥታችሁ ስሙት። ዘፋኝ የለም። ስለዚህ መሪነቱ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ወደ ሳክስፎኑ፣ ከሳክስፎኑ ወደ ቫይብራፎኑ ይዘዋወራል፤ ተራውን የጨረሰው ዝም አይልም፣ ከሥር ይደግፋል እንጂ።

በኋላ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ሠርጉን ሁሉ ያዙት። ርካሽ ነው፣ በአንድ ታክሲ ይጫናል፤ አልፈርድም። ነገር ግን የኪቦርዱ ከበሮ አዝራር ተጭነውት የሚሄድ ስለሆነ ማንንም አይሰማም። ድሮ አንድ ወጣት ከበሮ መቺ ከቤዝ ተጫዋቹ ጋር ሲጋጭ፣ ሲታረቅና ሲግባባ የሚማረውን ኪቦርዱ አያስተምርም። ከዚያ የወጣ ጎበዝ ብቻውን ጎበዝ ነው፤ ባንድ ውስጥ ሲገባ ድምፁን መቀነስ ያቅተዋል።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን፣ የትምህርት ቤት ባንድ ወይም የቀበሌ የወጣቶች ኪነት የምታሠለጥኑ ካላችሁ ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ልምምድ ጎበዙን ልጅ አዳራሹ ውስጥ አስቀምጡትና ያዳምጥ፤ ሁልጊዜ ጥግ የሚይዘው ደግሞ ያስጀምር። መጀመሪያ መበላሸቱ አይቀርም፤ አታቋርጧቸው።