የምንጣፉ ከተማና የእኛ ክርክር

«ስፓኒሾቹ ዋጋ አበላሹብን» የሚለውን ሮሮ በአትላንታ አበሻ መካከል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በለቅሶ ቤት ይነሣል፤ በታክሲ ተራ ይነሣል፤ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይም ይነሣል። እኔ ከዚህ ወሬ ጋር መስማማት ያቃተኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የምተዳደርባት ሱቅ ናት፤ ሁለተኛዋ ዳልተን የምትባል ከተማ ናት።

ዳልተን ከአትላንታ በስተሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢነዱ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ራሷን «የዓለም የምንጣፍ ዋና ከተማ» ብላ ትጠራለች። ነገሩ የተጀመረው ካትሪን ኢቫንስ የምትባል የገበሬ ልጅ በእጇ በሠራችው የአልጋ ልብስ ነው። በ1900 (እ.ኤ.አ.) አንዱን በ2 ዶላር ከ50 ሸጠች። የአልጋ ልብሱ ቀስ በቀስ ምንጣፍ ሆነ፤ የእጅ ሥራውም ሌት ተቀን የሚጮህ ፋብሪካ ሆነ። ለዚያ ሁሉ ፋብሪካ ግን የአገሩ ልጅ ብቻ አልበቃም።

ብዙ ወገኖቻችን እነዚያ ሠራተኞች ከሜክሲኮ ድንበር ዘልለው በቀጥታ የመጡ ይመስላቸዋል። ብዙዎቹ ግን ካሊፎርኒያና ቴክሳስ የከረሙ ናቸው። በ1986 በወጣው ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ወረቀት አገኘ። ወረቀት ያገኘ ሰው እግሩ እንደሚፈታ ለእኛ ለስደተኞቹ ማንም አይነግረንም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ሥራ ቀዘቀዘ። በ1994 ደግሞ የዚያው ግዛት መራጭ ወረቀት የሌለውን ከትምህርት ቤትና ከሕክምና ለማገድ ድምፁን ሰጠ፤ ፍርድ ቤት ቢያስቆመውም ልብ አንዴ ሸፍቷል። ጆርጂያ በበኩሏ ለ1996ቱ ኦሎምፒክ ትገነባ ነበር። በ1990 109 ሺህ ያህል የነበሩት የላቲን ተወላጆች በ2000 ቆጠራ 435 ሺህ ደረሱ። በዳልተን ከአሥር ነዋሪ አራቱ እነርሱ ሆኑ።

ከተማዋ ሞተች? ይልቁንም ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ አገኙ፤ ኪራይ የሚከፍል፣ መኪና የሚገዛ፣ ዳቦ ቤት የሚከፍት ሰው መጣ። ልጆቹን የሚያስተምር ሲጠፋ ከሞንቴሬይ፣ ሜክሲኮ ድረስ መምህራን አስመጡ። በደሞዝ በኩል የተጎዳ የለም ብዬ አልከራከርም፤ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰው የአገሩ ተወላጅ ጥቂት ሳይቆነጠጥ አልቀረም። ነገር ግን ዳልተንን ያደቀቃት ስደተኛው አይደለም። በ2008 የቤት ገበያ ሲወድቅ አዲስ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ አዲስ ቤት ከሌለ ምንጣፍ ማን ይገዛል? ያኔ ነጩም ስፓኒሹም አብሮ ከፋብሪካ ወጣ።

በላዩ ላይ በ2011 ጆርጂያ ኤች ቢ 87 የተባለውን ሕግ አወጣች። ፖሊስ የተጠርጣሪን ወረቀት እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ሕግ ነው። ዳኛ ከፊሉን ቢያግደውም ፍርሃቱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሽንኩርትና ብሉቤሪ የሚለቅም ጠፋ፤ የግዛቲቱ ጥናት 11 ሺህ ያህል ክፍት የእርሻ ሥራ ቆጠረ። አገረ ገዥው ናታን ዲል በአመክሮ ላይ ያሉ ፍርደኞች ይልቀሙ አሉ። የተሞከሩት ብዙዎቹ ፀሐዩን አልቻሉትም፤ ጥለው ሄዱ።

የእኔም ሱቅ ያን ክረምት ታመመች። ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን የበቆሎ ዱቄት፣ ጥቁር ባቄላና የስልክ ካርድ እሸጥ ነበርና፣ ዓርብ ማታ ደሞዙን ይዞ የሚመጣው ደንበኛ ሲቀር የቤት ኪራዬን የሚሸፍነው ገንዘብ አብሮት ቀረ። አከራዬ ግን አልቀረም። ሁለት ወር ከወንድሜ ተበድሬ ከፈልኩ።

በዚያው ሰሞን፣ «ዋጋ አበላሹብን» በማለት የታወቀ አንድ ወዳጄ ሱቅ ድረስ መጣ። ቤቱን ሊያሳድስ አስቦ ሠራተኛ አጥቷል።

«ስማ እንጂ፣ ያ ቀለም ቀቢ ደንበኛህ የት ደረሰ? እጁ ንጹሕ ነበረ፤ ዋጋውም ደህና» አለኝ።

«ቤተሰቡን ይዞ ሰሜን ካሮላይና ገባ» አልኩት።