አንድ ንጉሥ፣ ብዙ ማኅተም

ዘንድሮ በግቢያችን ከራሱ ከኳሱ ቀጥሎ ልጆቹን የያዛቸው ነገር የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ነው። ውድ ወላጆች፣ ታውቁታላችሁ፤ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና። ልጆቹ እንዳስረዱን አንድ ተጫዋች አንድ ካርድ ብቻ የለውም። ተራው አለ፣ የሚያብረቀርቀው አለ፣ ባለ ሰማያዊ መስመሩ አለ፣ ባለ ወርቅ ጠርዙ አለ። ፎቶው ያው ነው፤ የሚለየው ንድፉ ነው። ሁሉንም ያልያዘ ሰው ስብስቡ ጎዶሎ ነው ይባላል። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ለወርቁ ሲል የሳምንት የቁርስ ፍራንኩን መስጠቱን ስንሰማ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። ካርድን በቁርስ ገንዘብ መለወጥ ከለከልን። መሰብሰቡን ግን አልከለከልንም፤ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ቴምብር የምንሰበስብ ሰዎች ነንና።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ከ1909 እስከ 1911 ባለው ጊዜ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ይወጣ ነበር። ሲጋራውን እርሱትና ካርዱን ተመልከቱ፦ ፊቱ አንድ ሆኖ በጀርባው ላይ የተለያየ የሲጋራ ስም ይታተምበታል። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ አንዱን ተጫዋች ከነጀርባው ዓይነት ለይተው ይፈልጉታል።

እኛ ግን ልጆቹን የወሰድናቸው ወደ ቅርባችን፣ ወደ ምኒልክ ቴምብሮች ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ታተሙ። ሰባት ናቸው፤ በአራቱ ላይ የንጉሡ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ጽሑፋቸው የእኛው ፊደል ብቻ ነው። ሰባት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሰብሳቢ በአንድ ገጽ ይጨርሳቸው ነበር። ነገር ግን በ1901 በላቲን ፊደል «ኢትዮፒ» የሚል ማኅተም በእጅ ተመታባቸው። በ1902 «ቦስታ» የሚል መጣ። በ1903 መልእክት የሚለው ቃል ተከተለ። በ1905 ዋጋቸውን የሚለውጥ አኃዝ፣ በ1907 ደግሞ «ዳግማዊ» የሚል ተጨመረ። ቴምብሩ ያው፣ ንጉሡ ያው፤ ማኅተሙ ግን አንዴ ሐምራዊ፣ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ጥቁር፣ አንዳንዴም ተገልብጦ የተመታ። የጸሐፊው እጅ ሲፈጥን ይታያል።

ልጆቹን የጠየቅናቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ልዩነት ማን አመጣው፣ ለምንስ? በወርቁ ካርድ ላይ መልሱን ያገኘችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ደግመን እንድንገዛ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ፋብሪካው ጥቂት ብቻ ያተመው ሆን ብሎ ነው። «ቦስታ» በሚለው ላይ ግን መልሱ እንዲህ በቶሎ አይገኝም። ፖስታ የሚባል ሥራ ገና ስም ሲፈለግለት የነበረበትን ዘመን ማሰብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ሲለወጥ፣ የውጭ ሰው ጽሑፉን ማንበብ ሲያቅተው፣ የቸኮለ ሰው ሲሳሳት፣ ይህ ሁሉ በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለእኛ ከወርቁ ጠርዝ ይልቅ የተንጋደደው ማኅተም ይበልጥብናል፤ ልጆቹ ሁሉ ተስማምተዋል ግን አንልም።

ስለ ራሷ ስለ ጅቡቲም ብናወራ ያው ነው። የፈረንሳይ አስተዳደር ከኦቦክ ወደዚህ ሲዛወር የኦቦክ ቴምብሮች «ጅቡቲ» የሚል ማኅተም ተመታባቸው። ቀጥሎ የመጣው የ1894 ዕትም የዳር ጥርስ አልነበረውም፤ ጥርሱ በቀለም የተሣለ ነበር! በኋላ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከ1967 ጀምሮ የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ተባለ። በ1977 ነጻነት ሲመጣ የድሮዎቹ ቴምብሮች የሪፐብሊኩ ስም ታትሞባቸው አገልግለዋል። አንዳንዶቻችሁ እናቶቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ለአገር ቤት በጻፉት ደብዳቤ ላይ ይህን አይታችኋል።

አሁን ወደ ልመናችን እንምጣ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የምኒልክ ቴምብር ብቻውን አያሻግረውም ነበር፤ ከባሕሩ ማዶ ለመድረስ የዚህ የጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበታል። ሁለት አገር በአንድ ፖስታ ላይ ጎን ለጎን፣ የሁለቱም ማኅተም ከነቀኑ። እንዲህ ዓይነቱን ፖስታ ያየ ሰው የእኛን ማኅበረሰብ ታሪክ ብዙ ሳይነገረው ይረዳዋል። ታዲያ ልጆቹ አልበም ለመሙላት ሲሉ የቤተሰብ ደብዳቤ ላይ መቀስ ማንሳት ጀምረዋል። ቴምብሩ ተቆርጦ በውኃ ከተነከረ በኋላ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ በስንት ቀን እንደደረሰ የሚናገረው ነገር የለም። የጊዜው ርቀት አያሳስታችሁ፤ የ1970ዎቹ ደብዳቤም ነገ ያረጃል። ስለዚህ፣ እባካችሁ፣ በሻንጣ ያለውን አሮጌ ፖስታ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት እንዳይቆረጥ ንገሩልን። ማሳየት ለምትፈልጉ ፎቶ አንስተን ፖስታውን በዚያው ቀን እንመልሳለን፤ ደብዳቤውን አናነብም።

የክበቡ አልበም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የወርቅ ካርዶችም ቦታ አላቸው፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ናቸው። ለ«ዳግማዊ» የተመደበው ቦታ እስከ አሁን ባዶ ነው። በእጅ የሚመታ ማኅተም ለመኮረጅ ስለማያስቸግር አስመሳዩ ብዙ ነው። በዚህ ዓመት አንድ ቀርቦልን ልጆቹ በማጉያ መነጽር አዩት፣ ቀለሙን አልወደዱትም፣ መልሰንለት ሄደ።