ማጀት ለጓሮ ቲማቲም ምን ይሰጣል?

ቲማቲም ሆዳም ተክል ነው። ቅጠልና ግንድ ለማውጣት ናይትሮጅን፣ ለሥርና ለአበባ ፎስፈረስ፣ ፍሬውን ለመሙላት ደግሞ ብዙ ፖታሲየም ይስባል። የዚህ ምግብ ከፊሉ በየዕለቱ ከቤት ተጠርጎ የሚወጣ ነው፤ የምድጃ አመድ፣ የጀበና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሙዝ ልጣጭ። ጓሮ ያለው ሰው እነዚህን ለተክሉ ማዋሉ ትክክል ነው። ስህተት የሚገባው በመጠኑና በቦታው ላይ ነው።

የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ሄዷል። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነትም ይቀንሳል። ስለዚህ ዝናብ አፈሩን ባኮመጠጠው ደጋ አንድ እፍኝ አመድ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መግቦም አፈሩን ያስተካክላል። ቲማቲም የሚስማማው ፒኤች ከ6 እስከ 6.8 ባለው ውስጥ ነውና አፈሩ ቀድሞውንም ወደ አልካሊ በሚያደላባቸው የስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ያው እፍኝ ይጎዳል። ፌስታል የተቃጠለበት አመድ ከጓሮ ባይደርስ ይሻላል።

ብዙ ሰው ስሙን ለመጥራት የሚያፍርበት፣ ግን ከማጀት ማዳበሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው ሽንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሙከራ በሽንት የተመገበ ቲማቲም ምንም ካልተጨመረለት 4 እጥፍ ገደማ ፍሬ መስጠቱን አሳይቷል። አንዱ እጅ በ10 እጅ ውሃ ቀጥኖ ቅጠል ሳይነካ አፈር ላይ ይፈስሳል፤ ፍሬው ሊለቀም 1 ወር ሲቀረው ይቆማል። ከአመድ ጋር በአንድ ባልዲ መቀላቀል ግን ኪሳራ ነው፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ሽታው ብቻ ይቀራል።

አቦል፣ ቶናና በረካ የተቀዳበት የቡና አተላም ጥቂት ናይትሮጅን ይዟል። በወፍራሙ ከተነጠፈ ግን ደርቆ ውሃ ይከለክላል፣ ለጋ ችግኝንም ያቀጭጫል። ቦታው ከሙዝ ልጣጩ ጋር የኮምፖስት ጉድጓድ ነው። ጀበናው ውስጥ ጨው የሚጨመርበት ቤት አተላውን ለጓሮው ባይሰጥ ይመረጣል።

የእንቁላል ቅርፊት ከሚገባው በላይ የተመሰገነ ነው። የቲማቲሙ ቂጥ ጠቁሮ ሲበሰብስ ካልሲየም አነሰው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ፍሬው ካልሲየም አጥቷል። አፈሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አላጣም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚጓዘው ከውሃ ጋር ስለሆነ ውሃው ሲቆራረጥ እሱም ይቀራል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ተክሉ ሳምንት ተጠምቶ በተራው ቀን በጀሪካን ሲጥለቀለቅ፣ ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በቁራጭ የተቀበረ ቅርፊት ለዓመታት ሳይሟሟ ይቆያል፤ እንደ ዱቄት ከደቀቀና አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ይሠራል። ሥሩን በገለባ ሸፍኖ ጥቂት ጥቂት ውሃ በየጊዜው ማጠጣት ከቅርፊቱ ይልቅ ይፈይዳል።

በሽታን በተመለከተ የማጀቱ አቅም ያንሳል። ክረምት ሲገባ ቲማቲምን የሚጨርሰው ሌት ብላይት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ያስራበው ራሱ ተሐዋሲ። ቅዝቃዜና እርጥብ ቅጠል ሲገናኙለት ማሳውን በቀናት ውስጥ ያጠቁራል። አንዴ ከያዘ ነጭ ሽንኩርትም፣ ወተትም፣ ሶዳም አይመልሰውም። መከላከያው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ሚላርዴ የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ ዋግ መሰል በሽታ ካራገፈው የወይን ቦታ ውስጥ የመንገድ ዳሮቹ ብቻ ቅጠላቸውን እንደያዙ አየ። ባለቤቶቹ መንገደኛ ወይኑን እንዳይቀጥፍ መዳብ ሰልፌትና ኖራ ረጭተውበት ኖሯል። እስከ ዛሬ የሚሠራበት ይህ ውህድ እንኳ የሚጠቅመው በሽታው ከመግባቱ በፊት ሲረጭ ነው።

ወተት ስሙን ያገኘው በሌላ በሽታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የብራዚል ሙከራ ቢያንስ 10 በመቶ ወተት ያለበት ውሃ በዝኩኒ ቅጠል ላይ ዱቄት የሚመስለውን ሻጋታ እንደሚገታ አሳይቷል። ለቲማቲም የወተት ዋናው ጥቅም በእጅ በኩል ነው። ትንባሆ የነካ እጅ የሞዛይክ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ችግኝ የሚያዛውር ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ በወተት ቢነክር ቫይረሱ እንዳይተላለፍ ያግዛል። ለክሽክሽ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ቱታ አብሶሉታ የተባለው ትል ግን ቅጠሉን ሰርስሮ ውስጥ ስለሚኖር የሚጥሚጣ ውሃ አይደርስበትም፤ ቅጠሉን ቀጥፎ ማጥፋት ይቀላል።

የቀረው ጥበቃ ጠርሙስ አያስፈልገውም። ተክሉ በእንጨት ይደገፋል፣ አፈር የሚነኩት የታች ቅጠሎች ይነሳሉ፣ ውሃው ማለዳ በሥሩ ብቻ ይፈስሳል። ድንች፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም በነበረበት መደብ ላይ ቲማቲም 3 ዓመት ባይመለስ መልካም ነው። የታመመው ግንድ ወደ ኮምፖስቱ ጉድጓድ አይገባም፤ በቤት ጉድጓድ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ በሽታውን ለመግደል አይበቃምና ይቃጠላል።