ስቱኮ የማይጠግነው ስንጥቅ

የንባብ ክፍል፦ ሕዝቅኤል 13፥10–16፤ ዕብራውያን 2፥14–18

ሁለት ወንድማማቾች ነን። አቃቂ ውስጥ፣ ከዋናው የደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ትንሽ የሥራ ቦታ አለችን። እንጀራችን ያረጀ የመኪናና የሞተር ሳይክል ፕላስቲክ መጠገንና ቀለም መቀባት ነው። የተሰነጠቀ ፓራውልት፣ ፀሐይ ያነጣው የስፖኪዮ ሽፋን፣ የተሰበረ የሞተር ፓራፋንጎ ይመጣልናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። ስለዚህ ሥራ አናጣም፤ ጌታ ይመስገን።

ወገኖች፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ሥራችን ብቻ ሳይሆን ጌታ በዚሁ ሥራ ላይ እንዴት እንደ ወቀሰን ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ስለ ፕላስቲክ ትንሽ እንንገራችሁ።

እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ለፕላስቲክ አይራራም። ዓመታት ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ፓራውልት መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይነጣል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ጠመኔ ይበናል። ብዙ ባለ መኪና ይህን ሲያይ የሚያብረቀርቅ ቅባት ይቀባዋል። ሌላው ደግሞ እሳት ያስጠጋበታል፤ ለጊዜው ጥቁረቱ ይመለሳል፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ግን እንደገና ይነጣል። የቅባቱ ችግር ከዚህም ይብሳል። ውስጡ ሲሊኮን ካለበት፣ በደንብ ሳይጸዳ አዲስ ቀለም ሲነፋበት ቀለሙ እየሸሸ ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ይፈጥራል። የትናንቱ ማሳመሪያ የዛሬውን እውነተኛ ቀለም አላስቀምጥ ይላል።

ደግሞ ሁሉም ፕላስቲክ አንድ ዓይነት አይደለም። ፓራውልቱን ገልብጣችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ ከጀርባው ዓይነቱን የሚገልጹ ፊደላት ታትመውበታል፤ «ፒፒ» ወይም «ኤቢኤስ» የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ፊደሉ ከጠፋ ትንሽ ቅራፊ ወስደን ባልዲ ውሃ ውስጥ እንጥላለን። ፒፒ ከውሃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል፤ ኤቢኤስ ግን ይሰምጣል። ኤቢኤስን የራሱን ስብርባሪ በአሴቶን አሟሙቶ ማጣበቅ ይቻላል። ፒፒ ግን አሴቶን አይበግረውም፤ ተራ ማስቲሽም አይዘውም። እኛ የምንጠግነው በሙቀት ነው፤ ያውም ከራሱ ዓይነት በተሠራ ዘንግ እየበየድን። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከጀርባ በኩል ቦይ ይወጣለታል፤ ከዚያ ዘንጉና ፓራውልቱ በካውያ ሙቀት አብረው ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ነው ብርጭቆ ወረቀቱ በቁጥር 180 ተጀምሮ፣ 320 እና 600 የሚከተለው። ከዚያም የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ስስ ስስ እየተደረገ ቀለሙ። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ እናውቃለን። አውቀንም በደልን።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነበር። ሥራ ተደራርቦብናል፤ የቤት ኪራይ ደርሷል። አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሹፌር የተሰነጠቀ የፊት ፓራውልት ይዘው መጡ። በዓሉ ሳይደርስ ይለቅልኝ አሉ። ከጀርባ መበየዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኛ ግን ግማሽ ቀን አልነበረንም። ስለዚህ ስንጥቁን ከፊት በስቱኮ ሞላነው፣ አሸነው፣ ቀለም ነፋንበት። ሲያዩት ስንጥቁ የት እንደ ነበር እንኳን ጠፋባቸው። መርቀውን፣ የሙሉ ጥገና ዋጋ ከፍለው ሄዱ። በዚያ ሳምንት ለሌሎች ሁለት ደንበኞችም እንዲሁ አደረግን። ከዚያ እሑድ ጠዋት ዝማሬ ላይ እጃችንን አንሥተን አመለክን።

ስቱኮ ሲደርቅ ጠንካራ ነው፣ ግን ግትር ነው። ፓራውልት ደግሞ መንገድ ላይ ይለመጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በበረታበት ሰሞን፣ እኚያ አባት ተመለሱ። ስቱኮው እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ወድቋል፤ ስንጥቁም ከበፊቱ ረዝሟል።

የመጡት ሊወቅሱን መስሎን ነበር። እሳቸው ግን፣ «ልጆቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቃሊቲ ጋ ውሃ የሞላበት ጉድጓድ ሳላይ ገባሁበት። የእናንተ ሥራማ ደኅና ነበር» አሉን። ቀጠሉናም ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቁ።

እርስ በርስ ተያየን። ዋጋ ነገርናቸው። ግማሹን ቀብድ ከፍለው ሄዱ።

ያ ቀብድ ኪሳችን ውስጥ ከበደን። ሐሙስ ማታ በቤት ለቤት ኅብረታችን ጥናቱ ሕዝቅኤል 13 ላይ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ደካማ ግድግዳ ይሠራል፤ ሐሰተኞች ነቢያት ደግሞ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው እያሉ ያንኑ ግድግዳ ይለስኑታል። ዝናቡ፣ በረዶውና ዐውሎ ነፋሱ ሲመጣ ግድግዳው ይወድቃል፣ መሠረቱም ይገለጣል። አስጠኚያችን እህት፣ «እግዚአብሔር የተቆጣው ግድግዳው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ድካሙን ስለ ሸፈኑት ነው» አለች። ስለ እኛ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እኛ ግን ቀና ማለት አቃተን።

ያን ሌሊት ስንጸልይ መጀመሪያ ያልነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለን፤ ሁለተኛ አንደግመውም» ነበር። ሰላም አላገኘንም። ዘኬዎስን አስታወሰን፤ እርሱ ንስሐውን በልቡ ብቻ አላስቀረውም፣ ለበደላቸው ሰዎች ገንዘባቸውን እንደሚመልስ በጌታ ፊት ተናገረ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሰውየው ደወልን። ሲመጡ ፓራውልቱን ገልብጠን ጀርባውን አሳየናቸው። «ጋሼ፣ ጉድጓዱ አይደለም የሰበረው። እኛ ሳንበይደው ነው በስቱኮ የሸፈንነው። አታለልንዎት» አልናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እኔኮ አምኛችሁ ነበር» ብቻ አሉ። ቀብዱን መለስን፤ ሥራውን በነፃ፣ በትክክል ሠራን። አመስግነው ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ግን አልመጡም።

ለሁለቱም ደንበኞች ደወልን። አንዱ ሳቀና ይዞት መጣ። ሌላው ተቆጣ፤ በሰፈሩ ላሉ ሹፌሮችም ነገረ። ለተወሰኑ ወራት ሥራችን ቀዘቀዘ። «እውነት ተናግረን ጌታ እጥፍ አድርጎ ባረከን» ብለን ልንመሰክርላችሁ በወደድን፤ ግን እንደዚያ አልሆነም። የሆነው፣ እንቅልፋችን ተመለሰ። ምሳሌ 28፥13 ኃጢአቱን የሚሰውር እንደማይለማ፣ የሚናዘዝና የሚተው ግን ምሕረት እንደሚያገኝ ይነግረናል። ምሕረቱን አግኝተናል።

ከዚያ ወዲህ ካውያውን በያዝን ቁጥር አንድ ነገር ይታሰበናል። ፒፒ በፒፒ ብቻ ነው የሚበየደው። ሌላ ዓይነት ዘንግ ብትጠቀሙ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ሲለመጥ ግን ይላቀቃል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ስለ ጌታ የሚናገረውም ይህንኑ አስታወሰን፦ ልጆቹ ሥጋና ደም ስለሆኑ እርሱም በሥጋና በደም ተካፈለ፤ በነገር ሁሉ ወንድሞቹን ሊመስል ተገባው። ስንጥቃችንን ከሩቅ ቀለም ነፍቶ አልሸፈነውም። ከእኛው ዓይነት ሆኖ ወደ እሳቱ ገባ። በመስቀል ላይ የሆነው ማሳመር አይደለም፤ ከውስጥ የሆነ ጥገና ነው።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት አንተም የቀባኸው ስንጥቅ ይኖርሃል። ምናልባት አንቺ እሑድ እሑድ ፈገግታሽን ለብሰሽ የምትመጪበት፣ ማንም ገልብጦ ያላየው ጀርባ ይኖርሻል። ገና ጌታን እየፈለጋችሁ ያላችሁም፣ «መጀመሪያ ራሴን ላሳምርና እመጣለሁ» ብላችሁ ይሆናል። እባካችሁ አትቀቡት። እኛ ጋ የሚመጣ ፓራውልት ተጠግኖ አይመጣም፤ እንደ ተሰበረ ነው የሚመጣው። ጌታም የሚቀበለን እንደዚያው ነው። ገልብጡና አሳዩት፤ አስቀድሞም ያውቀዋል። የበደላችሁት ሰው ካለም ዛሬ ደውሉለት። ይቅር ይላችሁ ወይም ይቆጣችሁ እንደሆነ ቃል ልንገባላችሁ አንችልም። ጌታ ግን ከእናንተ ጋር ይሆናል።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ስንጥቃችንን ሸፍነን ሰላም ነው ስላልንበት ጊዜ ይቅር በለን። የበደልናቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ለማየት ድፍረት ስጠን። ከእኛው ዓይነት ሆኖ ስለ ተሰበረልን ልጅህ እናመሰግንሃለን። በእጃችን ሥራ፣ ማንም በማያየው በጀርባው በኩል እንኳን፣ ታማኞች አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።