ጤዛን አይተን ሐይቅ ላይ ተጣላን

ድምፄ እስኪዘጋ ተከራክሬ ነው የገባሁት። ካደረ ይበርድልኛል ብዬ ስለፈራሁ አሁኑኑ ልጻፈው።

በቅድሚያ የዛሬውን ዝግጅት ያሰናዳችሁ ልጆች፣ አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ከደሴ ፕሮጀክተር ተከራይቶ፣ ነጭ አንሶላ ወጥሮ፣ ወንበር ከየሻይ ቤቱ ለምኖ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ሐይቅ ከተማ ላይ ማሳየት ቀልድ አይደለም። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ መሀል ላይ መብራት ሄዶ እስኪመጣ የጠበቅነው ሲደመርበት ከሰዓቱን በሙሉ ወሰደብን። ያም ሆኖ ተነሥቶ የሄደ የለም። በመብራቱ መጥፋት ደስ ያላት ቆሎ ሻጯ ብቻ ነበረች፤ በጨለማው ከቀን ገበያዋ የበለጠ ሸጠች።

ታሪኩን አልተርክላችሁም። ያየ አይቶታል፣ ያላየ ፈልጎ ይየው። የምጽፈው ከፊልሙ በኋላ ስለተነሣው ጠብ ነው። አንሶላው ሳይወርድ ሁሉም ቆሞ ይናገር ጀመር፤ አንድ ፊልም ያየን አንመስልም ነበር።

ክብሪቱን የጫረው ጀርመንኛ የሚማረው ልጅ ነው። «ተጋኗል» አለ። «ጀርመኖች እንዲህ አይደሉም።» ልጁን እወደዋለሁ፤ ቪዛ እየጠበቀ ነው፣ ነገ የሚሄድበት አገር በፊቱ ሲወቀስ ቢከፋው አልፈርድበትም። ግን የፊልሙ ዋና ሰው አንበርብር ጀርመን ላይ ተደብድቦ እግሩን ያጣበትን ዘመን እናስታውስ እንጂ። የበርሊን ግንብ ፈርሶ ሁለቱ ጀርመኖች በተዋሐዱ ማግስት፣ በእኛ ኅዳር 1983 ዓ.ም.፣ ኤበርስቫልደ በምትባል ከተማ አማዴው አንቶኒዮ የሚባል አንጎላዊ ሠራተኛ ጸጉራቸውን በተላጩ ዘረኛ ጎረምሶች ተደብድቦ፣ ራሱን እንደሳተ ሞተ። በዓመቱ ሆየርስቬርዳ ላይ ሞዛምቢካውያንና ቬትናማውያን ሠራተኞች የሚኖሩበት ሕንፃ በድንጋይና ቤንዚን በተሞላ ጠርሙስ ለቀናት ተደበደበ። መፍትሔ የተባለው ሠራተኞቹን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ከከተማው ማስወጣት ነበር፤ የአካባቢው ሰው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ደርግ ተማሪ ይልክ የነበረው ወደዚያው ምሥራቅ ጀርመን ነው። እኔ ኃይሌ አጋነነ አልልም፤ እንዲያውም ቀንሶታል ባይ ነኝ።

ከታዳሚዎቹ አንዱ የሆኑት ሐጂ ደግሞ የጀርመኑን ነገር ከነአካቴው አልቆጠሩትም። ለእሳቸው ፊልሙ የአፈሳ ፊልም ነው። ወጣቶቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ዋሻ አይደለም! ዋሻ ይታወቃል፣ ወደ ገደሉ ውረዱ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ነገሩ የገባን በኋላ ሲናገሩ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ውጫሌ ገበያ በግ ሊሸጥ ሄዶ ነው የታፈሰው። በጉን የአገር ሰው እየነዳ አምጥቶ መለሰላቸው፤ ወንድማቸውን የሚመልስ አልተገኘም። «እና እናንተ የምታወሩት ስለ ፈረንጅ ነው» አሉና ቁጭ አሉ። መልስ የሰጠ የለም፤ ምንስ ይባላል?

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት እህታችን ተነሣች። ጅዳ ነበረች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመለሱት አንዷ ናት። ከአምባሰል፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ ያልሄደበት ቤት ስለሌለ ይህን ለእናንተ ማብራራት አይጠበቅብኝም። ጀርመንኛ ወደሚማረው ልጅ ዞራ፣ «ወንድምዓለም» አለችው፣ «እኔን የደበደበኝ የለም። እግሬም ይኸው አለ። የምጠጣበት ኩባያ ግን ከእቃ ማጠቢያው ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ ከበረኪናውና ከመወልወያ ጨርቁ ጋር። እመቤቲቱ ከልጆቿ ብርጭቆ ጋር እንዳይነካካ ብላ ነው። ልጆቿን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ፣ ውሃ ሲጠማኝ እዚያ ጎንበስ ብዬ ኩባያዬን አወጣለሁ።» ይህን ስትናገር በእጇ የማጠቢያውን በር ከፍታ ጎንበስ ብላ አሳየችን። ኩባያው አረንጓዴ ነበር አለች፤ ጆሮው የተሰበረ።

ከዚህ በኋላ ስለ ፊልሙ ማሰብ አቃተኝ፤ ኩባያዋ አብራን የተማረች አንዲት ልጅ አስታወሰኝ።

አምባሰል ውስጥ ያደግንበትን ትምህርት ቤት የምታውቁ ልጅቷንም ታውቋታላችሁ። ስሟን አልጠራም። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች ውሃ እንለምን ነበር፤ ዳገቱን የምታውቁ ጥማቱንም ታውቁታላችሁ። ለሁላችን በጣሳ ይሰጡናል። እሷ ተራዋ ሲደርስ ጣሳውን ከፍ አድርገው በእጇ ያፈሱላታል። ሁለት እጇን ገጥማ ከታች ትቀበላለች፤ ግማሹ በክንዷ ወርዶ የደብተሯን ጫፍ ያረጥባል። ውሃው የወጣው ግን ከእንስራ ነው። እንስራውን ማን ሠራው? እናቷ! እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ፣ ወጡ የተሠራበትን ድስት፣ ቡናው የተፈላበትን ጀበና ማን ሠራው? በእናቷ እጅ በተሠራ ዕቃ እየበላ፣ የልጇ ከንፈር ጣሳ እንዳይነካ የሚጠነቀቅ አገር ውስጥ ነው ያደግነው።

አንድ ልጅ ሆዱን ሲያመው ቡዳ በልቶት ነው ይባላል። ማን? ያው እነሱ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ። አንድ ማታ የልጅቷን እናት ከቤቷ ጎትተው አምጥተው የታመመ ልጅ ላይ እንትፍ በይበት ሲሏት አይቻለሁ። ኩራዝ ፊቷ ላይ አስጠግተውባት ነበር። እንትፍ ካለች «ቡዳ ነኝ» ማለቷ ነው፤ እምቢ ካለች ልጁን መግደሏ ነው። እንትፍ አለች። ልጁ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ መድኃኒት ጠጥቶ ዳነ፤ ምስጋናውን ግን ለምራቋ ሰጡት፣ ስሙም እሷ ላይ ቀረ። ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ትምህርቷን ተወች። ደብተሯን የሚመረምር፣ የት ቀረች የሚል አልነበረም። በሒሳብ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር።

እናቴ ነፍሷን ይማርና በእኛ ጣሳ ነበር የምታጠጣት። ለዚህም ሲባል ጎረቤት ቡና መጥራት አቆመ። እናቴ ግን ጀበናዋን አንሥታ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሄዳ መጠጣት ጀመረች፤ ቡናውም እዚያ ይሻላል፣ ጀበናው ከምንጩ ነው ትል ነበር።

ይህ የድሮ ነው የሚለኝ ካለ፣ ባለፈው ጥር እዚሁ እኛው ሰፈር ሽማግሌ የመለሰውን ቤት ይጠይቅ። ልጁ የተማረ ነው፣ ሥራ አለው፣ ጸባዩን የሚያማ የለም። ተመለሰ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «ዘራቸው ተጠርቶ አይዘለቅም» ተባለ። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ባርነትም በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጆቹ ወጥተው አርጅተዋል፤ ስድቦቹ ግን ዛሬም መናኸሪያው ጋ ይሰማሉ፣ እዚህ ልጽፋቸው አልፈልግም። በአምባሰል ቅኝት የማይኮራ የአምባሰል ልጅ አላየሁም። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በእኛ ተራራ ስም ነው የሚጠራው፤ ማንም ሲዘፍነው ደረታችን ይነፋል። ቅኝቱን ከልጅ ልጅ ያደረሰው አዝማሪ ልጃገረድ ሲጠይቅ ግን ምን እንደሚባል አትጠይቁኝ።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። የከፋኝ ነገር ፊልሙ ውስጥ አዛኑ በምትባለው ሴት ላይ የሆነው ነው። ጀርመን ላይ አንበርብር ሲደበደብ አዳራሹ ሲያለቅስ ነበር፤ ጎኔ የነበረው ጎረምሳ ሹራቡን ዓይኑ ላይ አድርጎ ነው ያየው። የመንደሩ ሰው አዛኑን እንደ እርግማን ሲሸሻት ግን ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዶክተር ሆኖ፣ ጀርመን ኖሮ፣ እሷን?» የሚል ድምፅ መጣ። ኃይሌ እኮ ሁለቱን ነገሮች አንድ ፊልም ውስጥ ያስገባው ቦታ ስለተረፈው አይደለም። የአንበርብርን ጓደኛ ተስፋዬን አዲስ አበባ ላይ የገደሉት ጀርመኖች አይደሉም። አዛኑን ያገለላት መንደር ጀርመንኛ አይናገርም። አንበርብር ከሁለቱም ቆስሎ ነው የእናቱ ደጅ የደረሰው፤ እናቱ ደግሞ ሰው ሁሉ የሸሻትን ሴት ቀድማ አስጠግታ ቆየችው።

ይህን ስል ነው አንተ የተነሣኸው፣ ስምህን አልጽፍም። «የአገር ገጽታ ያበላሻል። እኛ እንዲህ አይደለንም። ለፈረንጅ ሽልማት ተብሎ የተሠራ ነው» አልክ። ጀርመንኛ የሚማረው ልጅ ደግሞ «ጀርመኖች እንዲህ አይደሉም» ብሎ ነበር፤ ሁለታችሁ ጎን ለጎን መቀመጥ ነበረባችሁ። ስለ ሽልማቱ ግን ልመልስልህ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወስዷል። በማግሥቱ ዓመት ግን ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ የመጀመሪያውን ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ አገኘ። ፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ትልቁ መድረክ ነው፤ እዚያ የፈረንጅ ጭብጨባ አይሠራም። ኃይሌ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልግም ብለውት፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ለጥቁር ተመልካች ያሳየ ሰው ነው። ፈረንጅን ለማስደሰት የፈለገ ሰው ይህን መንገድ አይመርጥም።

ከሐይቁ ገዳም በኩል የመጣው ዲያቆን ያነሣው ነው እስካሁን የሚያብሰለስለኝ። «ንስሐ የገባ የለም» አለ። «የደበደቡት ልጆች የት ሄዱ? ሳያዝኑ፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ ፊልሙ አለቀ።» ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ ንስሐ ሲሰበክ ከኖረበት ደጅ የመጣ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ሌላው ተቀብሎ «ግሪን ቡክ»ን ጠቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የወሰደውን። «እዚያ ላይ ነጩ ቢያንስ ተለውጧል» አለ። እውነት ነው። ፊልሙ ሲጀምር ነጩ ሰውዬ ጥቁር ሠራተኞች የጠጡበትን ሁለት ብርጭቆ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥላል፤ ሲያልቅ ጥቁሩን ፒያኒስት ለገና ቤቱ ይቀበለዋል። ጥሩ ተሠርቷል፣ እኔም እስቅበታለሁ። የፒያኒስቱ የዶን ሸርሊ ቤተሰቦች ግን ፊልሙን አጥብቀው ነው የተቃወሙት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የምንጨነቀው ብርጭቆ ለጣለው ሰው ነፍስ ነው። የጠጡት ሠራተኞች ስማቸው እንኳን አይታወቅም፤ ጠጥተው ወጡ፣ አለቀ።

ኃይሌ ይህን ገልብጦታል። ደብዳቢዎቹ ይጸጸቱ አይጸጸቱ አንበርብር ሊጠብቃቸው አይችልም። አንድ እግሩን ይዞ፣ ትዝታው እየተቆራረጠ፣ መንደር ውስጥ ሕፃናት ያስተምራል፤ አዛኑም ትወልዳለች። ዲያቆኑ ይህ ንስሐ አይደለም አለኝ፣ ፈውስ ነው እንጂ። እሺ፣ ፈውስ ይሁን። እኔ የምለው ግን ፈውሱን ያገኙት ውሃ በጣሳ የምትሰጥ አንዲት ባልቴት፣ የአንበርብር እናት፣ ስለነበረች ነው። ያቺ ሴት ባትኖር አዛኑ የት ትገባ ነበር? አንበርብርስ ጀርመን ባስቀረችለት አንድ እግሩ እኛ መሀል ቢመጣ፣ ጥር ላይ ሽማግሌ ቢልክ፣ ዘሩን ሳንጠይቅ እናሳልፈው ነበር?

ይህን ስጠይቅ አዳራሹ ተንጫጫ፤ ከጅዳ የመጣችው እህታችን ብቻ አጨበጨበች። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝና «አብሽር» አሉኝ፣ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ልጆቹ በሚቀጥለው «ሳንኮፋ»ን እናሳያለን ብለዋል። እኔ ደግሞ ውጫሌ ላይ በገበያ ቀን ይሁን ብያለሁ፤ ሸክላ ይዘው የሚመጡት እናቶች ከፊት ወንበር ይቀመጡ። ጄኔሬተር የሚያውስ ካለ አሁኑኑ ይናገር። «የአገር ገጽታ» ያልከኝ ወንድሜ ደግሞ ጠቡ አላለቀም፤ ነገ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤቱ ጋ ና፣ እዚያ እንቀጥላለን። ሒሳቡ በእኔ ነው።