አንዷ ከተሻገረች ሁለተኛዋን ጠብቁ

እኛ ሠራተኛ እናቶች ከችኮላ ጋር ተላምደናል። ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባቸው፣ እኛም የሥራ ሰዓት እንዳናሳልፍ፣ ወጡም እንዳያር ስንሮጥ እንውላለን። ይህ ልማድ ለዕረፍት በወጣሁበት መንገድ ላይ ያደረሰውን ጉዳት፣ ሌሎች እኅቶቼ ይማሩበት ዘንድ ለማካፈል ወደድኩ።

ባለፈው ጥር የልጆቹ የመንፈቀ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ ባለቤቴና እኔ ከየመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ ወስደን ወደ ባሌ ተነሣን። ከእኅቴ ቤት ድንኳን ተውሰን፣ ብርድ ልብሱን፣ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ጀበናውን ጭነን ከአዲስ አበባ በማለዳ ወጣን። ዳሩ ግን ሻሸመኔ ላይ ጎማ ፈነዳብንና ብዙ ሰዓት ጠፋ። ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን ስናልፍ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አሳባችን ዲንሾ ደርሰን በብርሃን ድንኳን መትከል ነው። ባለቤቴ በጥንቃቄ ይነዳል፤ «ኧረ ትንሽ ጫን በል፣ በጨለማ ድንኳን ልንተክል ነው እንዴ?» እያልኩ የምነዘንዘው እኔ ነበርኩ።

ዲንሾ ከመድረሱ በፊት አውራ ጎዳናው የጋይሳይን ሜዳ ያቋርጣል። ሜዳው በ1962 ዓ.ም የተመሠረተውና በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በብዛት የሚታየው በዚሁ ሜዳ ነው። የድሮውን አሥር ሳንቲም የምታስታውሱ እናቶች ምስሉን ታውቁታላችሁ፤ ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ ወንዱ ነው፣ ሴቷ ቀንድ የላትም።

ዓይን ለመያዝ በጀመረበት ሰዓት አንዲት አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጥታ መንገዱን ተሻገረች። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር፤ «አለፈች እኮ፣ ንዳ!» አልኩት። ነዳ። ወዲያው ሁለተኛዋ ከተፍ አለች። ፍሬን ቢይዝም አልደረሰም። የመኪናው ፊት ተጨረማመተ፣ አንዱ መብራት ረገፈ። ቀበቶውን ፈትቶ በመቀመጫዎቹ መካከል ቆሞ ይመለከት የነበረው የሰባት ዓመቱ ልጄ ከፊት ለፊት ተላትሞ ከንፈሩ ደማ። ቀበቶውን ሲፈታ አይቼ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ።

ወርደን ስናይ አጋዘኗ በመንገዱ ዳር ወድቃ ታቃስታለች። ባለቤቴ ግራ ቀኙን አየና «ይመሻል፣ እንሂድ። በኋላ ጣጣ ያመጣብናል» አለኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ግን «እማዬ፣ ትተናት ልንሄድ ነው?» አለች። መልስ አጣሁ።

በዚህ መካከል ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ደረሱ። ሲወርዱ አጋዘኗ ሞታ ነበር። ተቆጥተው እንዲያባርሩን ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን አስቀድመው የልጄን ከንፈር አዩ። ቀጥለውም «በሉ ከመንገዱ እናርቃት። ማታ ጅብ ሊበላት ይመጣል፣ እሱንም ሌላ መኪና ይገጨዋል» አሉን። እየጎተትን ሳለ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እነዚህ ብቻቸውን አይሄዱም። አንዷ ከተሻገረች ሁለተኛዋን መጠበቅ ነው» አሉኝ። ጡቷን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ወተት ነበረው።

ዲንሾ እንደ ደረስን በቀጥታ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄደን የሆነውን ሁሉ ተናገርን። ተረኛው ጠባቂ ቦታውንና ሰዓቱን መዘገበ። ስለ ግልገሉ ስጠይቀው፣ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀው እንደሚግጡ፣ ጠንከር ያለ ከሆነ ከመንጋው ጋር ሊያድግ እንደሚችል፣ ሕፃን ከሆነ ግን ተስፋው አነስተኛ መሆኑን ነገረኝ። ሌሊቱን ድንኳኑ በውርጭ ነጥቶ አደረ። ልጄ «አሁን እሱ ይበርደዋል?» እያለ አላስተኛኝም።

በማግሥቱ ሮቤ ላይ መብራቱን አሠርተን፣ ጎባ አድረን፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የሳነቴ አምባ ወጣን። ይህን አምባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሰንጥቆት ያልፋል። በመላው ዓለም ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚኖረው በባሌ ነው፤ እሱንም መኪና ይገድለዋል። አንድ ቀይ ቀበሮ በሩቁ መንገዱን ሲሻገር ባለቤቴ ቆመ። ማንም «ንዳ» አላለም። ከኋላ መቀመጫ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ልጄ «ሁለተኛውን እንጠብቅ» አለ። ጠበቅን። ሌላ አልመጣም፤ ሆኖም በጊዜው አልተቆጨንም።

ውድ እናቶች፣ በዚያ መንገድ ስትሄዱ ማለዳና ምሽት አውሬው የሚንቀሳቀስበት ሰዓት መሆኑን አስቡ። ከመሸባችሁ ዶዶላ ወይም አዳባ እደሩ። የልጆቻችሁን ቀበቶ እሰሩ። አደጋ ከደረሰም ሳትደብቁ አመልክቱ፣ ልጆቻችሁ ያያሉና። ከሁሉ በላይ ግን የሚነዳውን ሰው አታስቸኩሉ። እኛ የተጣደፍነው ለግማሽ ሰዓት ብርሃን ነበር። ልጄ ግን እስካሁን ብርድ ባየለ ቁጥር ስለዚያ ግልገል ይጠይቀኛል።