«እሷማ ወንድ ናት»

ሙያ ያላት ሴት በተገኘች ጊዜ «እሷማ ወንድ ናት» ብሎ ማመስገን በአገራችን የተለመደ ነው። ተናጋሪው ክፉ አላሰበም። ነገር ግን የዚህ ምስጋና ሥሩ ሲመረመር «ይህን ያህል መቻል የሴት አይደለም» ከማለት የሚለይ ሆኖ አላገኘሁትም። ነገሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ያስተማረችኝ የማላዊዋ አጥቂ ታቢታ ቻዊንጋ ናት። የእሷን ታሪክ ስጽፍ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር አድርጌዋለሁ።

ታቢታ በ1996 በሰሜን ማላዊ፣ በሩምፊ አውራጃ ተወለደች። ከወንዶች ልጆች ጋር ኳስ እየተጫወተች አደገች። ራሷ ለጋዜጠኞች እንደ ተናገረችው፣ ገና ልጅ ሳለች ችሎታዋን ያዩ ተጋጣሚዎች «ይህ ወንድ ነው እንጂ ሴት አይደለም» ብለው በሜዳ ላይ ልብሷን አስወልቀው ሴትነቷን እንድታሳይ አስገደዷት። ይህም የሆነው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ኳሱን እርግፍ አድርጋ ብትተው ማን ይፈርድባት ነበር?

እሷ ግን አልተወችም። በ2014 ባሕር ተሻግራ በስዊድን ወደ አንድ ትንሽ ክለብ ገባች። በማግሥቱ ዓመት ክቫርንስቬደን ለተባለ ክለብ ተሰልፋ በሁለተኛው ዲቪዚዮን 43 ግብ አገባች፤ ክለቡም ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ወጣ። በ2018 ወደ ቻይና ተዛወረች። በ2022/23 የውድድር ዘመን ለኢንተር ሚላን በኢጣልያ ሊግ 23 ግብ፣ በተከታዩም ዘመን ለፓሪ ሳን ዠርመን በፈረንሳይ ሊግ 18 ግብ አስቈጥራ በሁለቱም አገሮች የግብ አግቢዎች አንደኛ ሆነች። በ2024 ወደ ሊዮን ክለብ ገባች።

ይህን በመኝታ ክፍላችን ባወራሁ ጊዜ አንዲት ጓደኛዬ «አገሯን ጥላ ለባዕድ ክለብ ግብ ብታገባ ለማላዊ ምን ጠቀማት?» አለችኝ። ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው፤ ከመካከላችን ውጭ አገር ሄዶ የመማር ሐሳብ የሌለው ስንቱ ነው?

መልሴ ይህ ነው። ታናሽ እኅቷ ቴምዋ ያንኑ የስዊድንና የቻይና መንገድ ተከትላ በ2024 በአሜሪካ ለካንሳስ ሲቲ ከረንት 20 ግብ አገባች። በዚያ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን ከዚህ ቍጥር የደረሰች ሌላ ሴት ከዚያ በፊት አልነበረችም። እኅትማማቾቹ ለብሔራዊ ቡድናቸውም ይሰለፋሉ። ማላዊ በ2023 የደቡባዊ አፍሪካን የሴቶች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች፤ በ2025 ደግሞ ለአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች። እንግዲህ ታላቂቱ ስትሄድ መንገዱን ከፍታ ሄደች እንጂ አገሯን ጥላ አልሄደችም። «ለምን ሄደች?» ከማለታችን በፊት «ስትቀር ምን ሜዳ ነበራት?» ብለን ብንጠይቅ ፍርዳችን ይስተካከላል።

እኔ በልጅነቴ ከሰፈር ልጆች ጋር የጨርቅ ኳስ እጫወት ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ሜዳው ተዘጋብኝ። የዘጋው ሕግ አይደለም፤ የዘጋው ይሉኝታ ነው። እናቴ ጎረቤት ምን ይላል አለች፤ ጎረቤትም በበኩሉ «ወንዳወንድ» የሚል ስም አወጣልኝ። ታቢታን እሆን ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እንደ እኔ ከተከለከሉት መካከል አንዲት ታቢታ እንዳልነበረች ማን ያውቃል?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳችን ወጥታችሁ የሚጫወቱትን ቍጠሩ። አንዲት ሴት አታገኙም። ቢፈልጉ ይመጡ ነበር የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ሃያ ሁለት ወንዶች በያዙት ሜዳ ብቻዋን ገብታ «እኔም ልጫወት» የምትል ልጅ የምትከፍለውን ዋጋ ከላይ አንብባችኋል። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሜዳውን ለሴት ተማሪዎች እንዲለይልን እጠይቃለሁ። ኳስ አንድ ይበቃናል። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ብቻ ብንሆን እንኳ ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ።